ቆዳው ይላላል፣ ብረቱ አይላላም

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ ፌራዮ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ወይ ቆሜ ወይ ቁጢጥ ብዬ ፌሮ፣ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ሳስር እውላለሁ። ድርጅቱ አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለበት 42 ቁጥር ሴፍቲ ጫማ ሰጠኝ፤ ጣቶቼን ስለጨመቀኝ በ43 አስቀየርኩት። አሁን ደግሞ ተረከዜ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንሿ ጣቴ እስካሁን ትደነዝዛለች፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ጓደኞቼ ‹ብረቱ ነው የጎዳህ፣ ሸራ ጫማ አድርግ፤ ከባድ ነገር ከወደቀም ብረቱ ራሱ ጣትህን ይቆርጠዋል› ይሉኛል። የራሴን ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሸራ ጫማውን ሐሳብ ተወው። የምትሸከመውን ነገር አንተው ታውቀዋለህ፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊ ፌሮ አንዱ ብቻ 19 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሴፍቲ ጫማ መለኪያ የሆነው አይሶ 20345 ደግሞ የጣት ብረቱ የ200 ጁል ምት እንዲችል ያዛል። ይህ 20 ኪሎ ዕቃ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያሳርፈው ምት ጋር ይቀራረባል። ከወገብህ ላይ ያመለጠ አንድ ፌሮ ማለት ነው። ሸራ ጫማ ላይ ቢወድቅ የሚሰበረው ጣትህ ነው።

«ብረቱ ጣት ይቆርጣል» የሚባለው በየሳይቱ የሚዞር ወሬ ብዙ ሰው ጫማውን እንዲያወልቅ ስላደረገ በደንብ እንመልስልህ። ብረቱ ከምቱ ሌላ የ15 ኪሎ ኒውተን ጫናም፣ በግርድፉ የ1 ተኩል ቶን ክብደት፣ ተጭኖት ይፈተናል። ከፈተናው በኋላ ከውስጥ ለጣት የሚተርፈው ክፍተት በ41 እና በ42 ቁጥር ከ14 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ያንን ብረት አጣጥፎ ጣት ላይ የሚያደርስ ጭነት ብረቱ በሌለበት ጣቱን ምን ያደርገው እንደነበር አስበው። ሆኖም አንዴ ከባድ ምት ያረፈበት ጫማ ከላይ ምንም ባይታይበትም ሁለተኛውን ምት ላይችል ይችላልና ወዲያው መቀየር አለበት።

ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ? ከልኩ ነው። 42ቱ የጨመቀህ ስላጠረ ሳይሆን ከጎን ስለጠበበህ ይመስለናል፤ የምትደነዝዘው ትንሿ ጣት መሆኗ ወደዚያ ይመራል። ወደ 43 ስትሄድ ስፋቱ የጨመረልህ በጣም ጥቂት ነው፤ ርዝመቱ ግን በ6.7 ሚሊ ሜትር ጨመረ። ስለዚህ ጣቶችህ እንደተጨመቁ ቀሩ፣ ተረከዝህ ደግሞ ትርፍ ቦታ አገኘና በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃ የሚያስቋጥርህ ይህ ፍትጊያ ነው። በዚያ ላይ ጫማ የሚታጠፍበት የራሱ ቦታ አለው፤ ያ ቦታ ከጣቶችህ ሥር፣ እግርህ ከሚሰፋበት መስመር ጋር መግጠም አለበት። ጫማው ሲረዝም መታጠፊያው ወደ ፊት ይሸሻል። ቁጢጥ ስትል እግርህ በአንድ በኩል፣ ሶሉ በሌላ በኩል ልታጠፍ ይላሉ። ማታ የውስጥ እግርህ የሚዝለውም በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ሻጭ «ሲለመድ ይሰፋል» ይልሃል። ቆዳውን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ ጥሩ ቆዳ በሳምንት በ10 ቀን የእግርን ቅርጽ ይይዛል። ብረቱ ባለበት ቦታ ግን ጫማው ሱቅ ውስጥ የነበረውን ስፋት እንደያዘ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ጣትህን ሱቅ ውስጥ የነካህ ብረት ከስድስት ወር በኋላም ይነካሃል።

ስለዚህ ያጠራቀምከውን ከማውጣትህ በፊት እግርህን ለካ። ጊዜው ማታ፣ ከሥራ መልስ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ የቆሙበት እግር ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠብባል። ለሥራ የምታደርገውን ካልሲ አድርግ። ወረቀት ወለሉ ላይ ከግድግዳ ጋር አጣብቀህ ዘርጋ፣ ተረከዝህን ግድግዳው አስነካ፣ ክብደትህን በዚያ እግር ላይ ጣል። የሚያሰምርልህ ሌላ ሰው ይሁን፤ ራስህ ካጎነበስክ እግርህ ቅርጹን ይቀይራል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ ልኩ በቀላሉ በ3 እና በ4 ሚሊ ይሳሳታል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣትህ ጫፍ ያለውን ለካ። ረጅሙ ጣት የግድ አውራው አይደለም፤ በብዙ ሰው ሁለተኛው ነው። ቀጥሎ የእግርህን ሰፊ ቦታ ከጎን ወደ ጎን ለካ። ይህንን በሁለቱም እግር አድርግ፤ አንዱ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣልና ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የእግርህ ርዝመት 26 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጣት መንቀሳቀሻ 1.2 ጨምርበት፣ 27.2 ይሆናል። በ1.5 ስታባዛው 40.8 ይመጣል፤ 41 ቁጥር ትሞክራለህ ማለት ነው። በእኛ ገበያ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ነው ማባዣው 1.5 የሆነው። ያገኘኸውን ቁጥር እንደ መነሻ ውሰደው። የአንዱ አምራች 41 ከሌላው 41 አይገጥምምና ማረጋገጫው ሱቅ ውስጥ ነው።

ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የውስጥ ሶሉን፣ እግርህ የሚያርፍበትን ተነቃይ ንጣፍ፣ አውጥተህ ወለሉ ላይ ቁምበት። ከረጅሙ ጣትህ ፊት ከ10 እስከ 12 ሚሊ ይትረፍ፤ የአውራ ጣትህን ስፋት አይሞላም። ከዚያ ወደ ጎን ተመልከት። ትንሿ ጣትህ ከንጣፉ ጠርዝ አልፋ ከወጣች ያ ሞዴል ለአንተ አልተሠራም። እዚህ ላይ ነው ባለፈው የተሳሳትከው፤ በዚህ ጊዜ ቁጥር አይጨመርም፣ ሞዴል ይቀየራል። አፍንጫው ክብና ሰፋ ያለውን አስወርድ። ሹል አፍንጫ ያለው ለዓይን ያምራል፣ ለሰፊ እግር ግን አይሆንም።

ንጣፉን መልሰህ፣ ሁለቱንም ጫማ አድርገህ፣ ክሩን በደንብ አስረህ ፌሮ እንደምታስር ቁጢጥ በል። ሻጩ ቢቸኩል አትስማው፣ 2 ደቂቃ ሙሉ ቆይ። ትኩረትህ የጣቶችህ ጀርባ ላይ፣ ብረቱ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ይሁን። በ2 ደቂቃ የሚቆረቁር ጠርዝ ቀኑን ሙሉ ሲውል ቆዳ ይልጣል። ደረጃ ካለ ውረድበት፤ ጣቶችህ ፊት ለፊት ብረቱን ከመቱት ወይ ጫማው አጥሯል፣ ወይ ክሩ እግርህን ወደ ኋላ አልያዘልህም። ተረከዝህ ጥቂት ሚሊ ቢነሳ የአዲስ ሶል ድርቀት ነው። አንድ ሴንቲ ያህል ከተነሳ ግን መልሰው።

አሁን ወደ ምልክቱ። አብዛኛውን ጊዜ በምላሱ ውስጠኛ ገጽ የተሰፋ ወይም የታተመ ጽሑፍ ታገኛለህ፤ የመለኪያው ቁጥር፣ የአምራቹ ስም፣ የጫማው ቁጥር፣ የተሠራበት ጊዜና መደቡ ይጻፍበታል። መደቡ «ኤስ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። «ኤስ1» የጣት ብረትና የእርምጃን ምት የሚቀንስ ተረከዝ አለው፤ ምስማር የሚመልስ ነገር ግን ከሥሩ የለውም። «ፒ» ከተጨመረበት፣ ማለትም «ኤስ1ፒ» ከሆነ፣ አለው። «ኤስ3» ምስማርም ይመልሳል፣ ቆዳው ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፣ ሶሉም ጥርስ አለው። ለአንተ ሥራ፣ በተለይ ለአዲስ አበባ ክረምት፣ «ኤስ3» ነው የምንመክርህ። እንደ ሠመራና ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር በደረቅ ሳይት ለሚውል ሰው ግን ውሃ የሚከለክለው ቆዳ ላብም ያፍናልና «ኤስ1ፒ» ይሻለዋል። ሶሉ ላይ መንሸራተትን የሚመለከተው ምልክት «ኤስ አር» የሚሉት ፊደሎች አሉበት፤ ፎርም ዘይት (ኮንክሪት እንዳይጣበቅ የሚቀባ) በተቀባበት ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ላይ ለሚሄድ ሰው ይህ ያስፈልገዋል።

ምስማር የሚመልሰው ንጣፍ ከብረት ወይም ከጥብቅ ጨርቅ ይሠራል። ጨርቁ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ የሶሉንም ስፋት ጠርዝ ድረስ ይሸፍናል፤ ቁጢጥ ብሎ ለሚውል እግር ምቾቱ የሚታይ ነው። ድክመቱ ቀጭን ምስማር ነው። የቆየው ፈተና በ4.5 ሚሊ ውፍረት ምስማር ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የመለኪያው እትም ግን የጨርቁን ለሁለት ከፍሎ በ3 ሚሊ ምስማር የተፈተነውን «ፒኤስ»፣ በ4.5 ሚሊ የተፈተነውን «ፒኤል» ብሎታል። አጠገብህ ፎርም እየተነቀለ ምስማር ያለው ሞራሌ (የፎርም እንጨት) በየቦታው የሚጣል ከሆነ የብረት ንጣፍ ያለውን ወይም «ፒኤስ» የሚለውን ምረጥ። ምስማር ሶሉን አልፎ ከወጋህ ደግሞ በሳሙናና በውሃ አጥበህ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ጉድጓዱ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ከላይ ሲደርቅ ውስጡ ይመረቅዛል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ሊያስፈልግህ ይችላል።

የጣቱ መከላከያ ብረት ይሁን፣ አሉሚኒየም ይሁን፣ ኮምፖዚት (ፕላስቲክና ጠንካራ ክር የተዋሃደበት) ይሁን ብዙ አትጨነቅበት። የ200 ጁሉን ፈተና ሁሉም ማለፍ አለባቸው። ኮምፖዚቱ ይቀላል ግን ወፈር ይላል፤ ብረቱ ቀጭን ስለሆነ አፍንጫውን አያገዝፈውም። ለእግርህ ቅርጽ የገጠመውን ውሰድ።

ከመክፈልህ በፊት የተሠራበትን ጊዜ ሳታይ አትውጣ። የብዙ ሴፍቲ ጫማ መካከለኛ ሶል፣ ለእግር የሚለሰልሰው ክፍል፣ ከፖሊዩረቴን የተሠራ ነው፤ ይህ ነገር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ላዩ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፣ በተደረገ በሳምንቱ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ሰው «ማስቲሹ አልያዘም» ብሎ ወደ ጫማ ሰፊ ይወስደዋል፤ ነገር ግን የሚያጣብቀው ጤነኛ ሶል ስለሌለ ማስቲሽ አያድነውም። ጽሑፉ ላይ ያለው ዘመን የፈረንጅ መሆኑን አስተውል፤ 05/2021 ቢል 2013 ዓ.ም. ግንቦት አካባቢ ነው። ከተሠራ 3 ዓመት ያለፈውን ባትገዛ እንመርጣለን። ጊዜው ከተፋቀ ጫማውን እጠፈውና የሶሉን ጎን በጥፍርህ ጫን በለው፤ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ፍርፋሪ ካነሳ ተወው። ከውጭ የመጣ ልባሽ ሴፍቲ ጫማም በዚሁ ምክንያት አያዋጣም፤ ዕድሜው ብዙ ጊዜ አልፏል፣ የሌላ ሰው እግር ቅርጹን ይዞበታል፣ ብረቱ ምት ይረፍበት አይረፍበት የምታውቅበት መንገድ የለም።

የጫማ መግዣው እስኪሞላልህ በያዝከው 43 ነገ ጠዋት የምታደርገው አለ። እግርህን አስገብተህ ክሩን ከማሰርህ በፊት ተረከዝህን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርገህ ወደ ኋላ አስቀምጠው። ከታች ያሉትን ሦስት ቀዳዳዎች ላላ አድርገህ ሳብ፣ ጣቶችህ ይፍታቱ። ቁርጭምጭሚትህ ፊት፣ እግር የሚታጠፍበት ጋ ስትደርስ ሁለቱን ክሮች አንዱን በሌላው ላይ ሁለቴ ጠምዝዘህ አጥብቅ፤ ይህ ጥምዝ የታቹን ላላ፣ የላዩን ጥብቅ አድርጎ ይለያያቸዋል። ከዚያ በላይ ጠበቅ እያደረግህ ውጣ። ከመጨረሻው ቀዳዳ በፊት ስትደርስ እያንዳንዱን ክር ሳታሻግር በዚያው ጎኑ ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ አስገባው፣ ትንሽ ቀለበት ይፈጥራል። የግራውን ጫፍ በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሳልፈህ ወደ ታች ሳብና እሰር። ተረከዝህ ይያዛል፣ ፍትጊያው በብዙ ይቀንሳል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲቆረቁረው ሁለተኛ የውስጥ ሶል ይደርባል። አታድርገው። ብረቱ ሥር ያለው ቦታ ጥቂት ሚሊ ነው፤ 5 ሚሊ ስፖንጅ ስትጨምርበት ጣቶችህ ወደ ላይ ተገፍተው ብረቱን ይነካሉ። የተሻለ ሶል ካገኘህ የቀድሞውን አውጥተህ በቦታው ተካው። ተረከዝ የሚያቅፍ ጎድጓዳና የእግርን ቅስት የሚደግፍ ይሁን። በእጅ ስትጫነው ጭልጥ ብሎ የሚገባ ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ተጨፍልቆ ያልቃል።

የጥጥ ካልሲ ላብ መጥጦ ይይዛል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበትን ፈልግ፤ ካጣህ ሁለት ጥንድ ይዘህ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይር፣ ይህ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ማታ የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ክሩን አላላ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀህበት ነፋሻ ጥላ ውስጥ አሳድረው። ጋዜጣው ከራሰ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለውጠው። ከሰል አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። የሲሚንቶ አቧራም ቆዳ ያደርቃል፤ ሊስትሮው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በእርጥብ ብሩሽ ሲሚንቶውን ጨርሶ እንዲያነሳልህ ንገረው፣ አለዚያ አቧራውን ከቀለሙ ጋር ቆዳው ውስጥ ያሸዋል። ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን የቆዳው ጫማ ይረፍ፤ «ኤስ5» የሚል ምልክት ያለው የጎማ ቦት ጠይቅ፣ እሱም የጣት መከላከያና የምስማር ንጣፍ አለው። ሱሪህን ከቦቱ ውጭ ልቀቀው። ወደ ውስጥ የገባ እርጥብ ሲሚንቶ ሳያስታውቅ ቆዳ ያቃጥላልና ከገባ ወዲያው አውልቀህ በብዙ ውሃ ታጠብ።

ጠዋት የሚወጋህ ተረከዝ የብረቱም የውሃ መቋጠሩም ጉዳይ አይደለም። ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ቀን ሲወጠር ውሎ ሌሊት ያጥራል፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ድንገት ይስበዋል። ከአልጋ ሳትወርድ ጣቶችህን በእጅህ ወደ አንተ ስበህ ለ30 ሴኮንድ ያዝ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግም። ማታ ግድግዳ ተደግፈህ አንድ እግርህን ወደ ኋላ ዘርግተህ ተረከዙን ሳታነሳ ባትህን አሳስብ። ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከእግርህ ሥር ለ5 ደቂቃ እያንከባለልክ እሸው። ቤት ውስጥም በባዶ እግር ሲሚንቶ ወለል ላይ አትመላለስ። የሚሻልህ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው። ስድስት ሳምንት አልፎ ካልቀነሰ፣ ወይም የትንሿ ጣት መደንዘዝ ጫማውን አውልቀህ ካደርክ በኋላም ካልለቀቀ ሐኪም ይየው። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ መደንዘዝ ሲጀምር ቀን መጠበቅ የለበትም።

አዲሱን ጫማ ስትገዛ ሶሌታ በሚሞላበት ሳምንት አትጀምረው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ 2 ሰዓት፣ ቀጥሎ ሳይት ላይ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን።

የመጨረሻው ነገር የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን የመጠቀም ግዴታ አለበት። ለእግርህ የማይሆን ጫማ መስጠት ደግሞ ጫማው ሳጥን ውስጥ እንዲቀር ማድረግ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን የግዢው አሠራር ነው፤ ገዢው ክፍል 41 እና 42 በጅምላ ያመጣል፣ ሰፊ እግር ያለውና 37 ቁጥር የምታደርገው እህታችን የተገኘውን ይወስዳሉ። እሷ በ40 ቁጥር ውስጥ ሦስት ካልሲ ብትደራርብ ተረከዟ አይያዝም፣ ብረቱም ከጣቷ ርቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ብቻህን ከመጠየቅ ከቡድንህ ጋር አንድ ማታ ተለካኩና የእያንዳንዱን ሰው ርዝመትና ስፋት በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ለፎርማኑ ወይም ለሴፍቲ ኃላፊው ስጡ። ቀጣዩ ግዢ ከመፈጸሙ በፊትም ከሁለት ሞዴል አንድ አንድ ጥንድ ናሙና መጥቶ፣ ሰፊና ጠባብ እግር ያላቸው ሰዎች ለአንድ ሳምንት እንዲሠሩበት ጠይቁ።